ደጅ የተሰጣ ፍራሽ

«ፍራሹ ይሸታል። ልጅቷ ከነገ ጀምሮ ከእኛ ጋር ትተኛለች» አለች የላቪኒያ ምራት ፊፊታ ወጥ ቤት ሆና፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ዝቅ ማድረጓ አልጠቀማትም። በዚህ በሰው አገር፣ በማንጌሬ ሰፈር፣ የኪራይ ቤት ግድግዳው ካርቶን ነው፤ ወዲህ የተነፈሱት ወዲያ ይሰማል። ላቪኒያም ሰባውን ብታልፍም ጉልበቷ እንጂ ጆሮዋ አልከዳትም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ካልሲዋን እያጠለቀች ነበር፤ ካልሲው እግሯ እኩሌታ ላይ እንደደረሰ ቆም አለችና የልጇን የሴሚሲን መልስ ጠበቀች። ሴሚሲ ሻዩን ፉት ሲል ተሰማ። ወንበሩን ሲገፋ ተሰማ። «ነርሷ ነገ መኝታ ቤቶቹን ልታይ ትመጣለች። ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። እናትህን አንተ ንገራት» አለች ፊፊታ። «ተይ እስቲ፣ በጠዋቱ» አለ ሴሚሲ። በቃ፣ ይኸው ነው። ፍራሹ ይሸታል ማለት እናትህ ትሸታለች ማለት ነው፤ ፍራሹ ላይ ከሚተኙት ከሁለቱ የምትሸተው ሕፃኗ እንዳልሆነች ማንም ያውቃል። አምጣ ወልዳ፣ በቶንጋ ደሴት፣ በቫቫኡ ፀሐይ ጎደሬ ቆፍራ ያሳደገችው ልጅ፣ እናቱ እንዲህ ስትባል ካፉ የወጣችው «በጠዋቱ» የምትል ቃል ብቻ ናት።

ሕፃኗ ሉፔ ትባላለች፣ ስድስት ዓመቷ ነው። ጡት ከጣለች ጀምሮ የምታድረው ከአያቷ ጎን ነው። የቶንጋ ልጅ ከአያቱ ጋር ያድራል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። ግን ክረምት በገባ ቁጥር ደረቷ ይዘጋል። ሌሊት ሌሊት እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይላል፤ በዚህ ክረምት ብቻ ስንቴ ሆስፒታል ገብታ ወጣች። ላቪኒያ ጥፋት ለማደል እጇ ሰፊ ነው። ቤቱ እርጥብ ነው፣ ማሞቂያው መብራት እየበላ አያሞቅም፣ ፊፊታ የልጅቷን ፀጉር ሳይደርቅ ትጎነጉናለች፣ ከማቀዝቀዣ የወጣ ወተት ትግታታለች። ከነዚህ ሁሉ ጥፋተኞች መካከል ፍራሹ ተጠርቶ አያውቅም። ፍራሹን ማንም አይነካውም። አንሶላውን የምትቀይረው ራሷ ላቪኒያ ናት። አንድ ቀን ፊፊታ ልርዳዎት ብላ ጫፉን ብታነሣ «እጅሽን!» ብላ ጮኸችባት፤ ከዚያ ወዲህ ፊፊታ ቤቱን ስትጠርግ እዚያ ክፍል ደጃፍ ላይ ስትደርስ መጥረጊያዋን ታዞራለች።

ሁሉም ወደየጉዳዩ ሊወጣ ሲል ፊፊታ በበሩ ብቅ አለች። የምትሠራው አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ነው፤ የመንገደኛ ምግብ በትሪ ትደረድራለች። ስትመለስ የቀዘቀዘ ዶሮ ዶሮ ትላለች። ላቪኒያ ይህን አንድ ቀን ተናግራ አታውቅም፤ ለክፉ ቀን አስቀምጣዋለች።

«እማማ፣ ሻይ ቴርሞሱ ውስጥ አለልዎት።»

«ተይው። የሚሸት ሰው ሲነካው እንዳይበላሽብሽ።»

ፊፊታ የመኪናውን ቁልፍ እንደያዘች ደርቃ ቆመች። ሉፔ ቦርሳዋን አዝላ ከእናቷ ቀሚስ ሥር ቀና አለችና «ማነው የሚሸተው?» ብላ ጠየቀች። በሩ ተዘጋ፣ መኪናው ሄደ፣ አንድ አውሮፕላን ጣራውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው አልፎ መስታወቱን አንቀጠቀጠው፣ ከዚያ ቤቱ ጸጥ አለ።

ላቪኒያ ስትናደድ ታጸዳለች። ነገ ነርሷ መጥታ አፍንጫዋን ብትደፋበት ከሳሙና በቀር ሌላ ሽታ እንዳታገኝ አደርገዋለሁ፣ ያኔ ልጅቷን ከጎኔ የሚነጥቀኝን አያለሁ አለች ለራሷ። ነርሷ ባለፈው የልጅቷን ደረት ልታይ መጥታ ሁሉን ነገር ተናግራ ነበር። አንሶላውን በሙቅ ውሃ እጠቡ፣ የፍራሹን አቧራ በማሽን ሳቡለት፣ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሳችሁ አቆዩት፣ ፀሐይ በወጣ ቀን ደጅ አውጡት፣ ከሁሉ በላይ ከሥሩ አየር ይግባው፣ አንሥታችሁ እዩት። ላቪኒያ «እሺ የኔ ልጅ፣ እሺ» እያለች ብስኩት አቀረበችላት እንጂ አንዱንም አላደረገችው። ፍራሽ ማጽዳት ከትናንት ወዲያ ከተወለደች ልጅ ልትማር ነው? ዛሬ ግን አንሥታችሁ እዩት ከሚለው በቀር ሁሉንም ለማድረግ ቆርጣ ተነሣች። አንሶላውን፣ ብርድ ልብሱን፣ የትራሱን ልብስ ገፍፋ ማጠቢያ ማሽኑ ውስጥ ጨመረች። መጋረጃውን ከመስታወቱ ላይ ላጠችው፤ ሌሊት መስታወቱ ስለሚያልበው ጨርቁ ተለጥፎበት ነው የሚያድረው። መስኮቱ ወደ ደቡብ ያያል፣ በዚህ አገር ደግሞ ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምትዞር ከዓመት ዓመት አትጎበኘውም። ማዕዘኑ ላይ የሰፈረ የጥቁር ነጠብጣብ መንጋ አለ፤ በየወሩ ትፈትገዋለች፣ በየወሩ ይመለሳል። አቧራ መሳቢያውን ማሽን እየጎተተች መጥታ ፍራሹን ከራስጌ እስከ ግርጌ ሄደችበት። ማሽኑ ሆድ ውስጥ የተሰበሰበው ግራጫ ዱቄት የድመት ግልገል ያክላል። ቤቱ ውስጥ ማንም የለም፤ ቢሆንም ግራ ቀኝ አይታ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ደፋችው፤ የጎደሬ ልጣጭም ከላዩ አለበሰችው። ከዚያ ሶዳውን እንደ ዱቄት ነሰነሰችና እስኪሠራ ድረስ ወጥ ቤት ገብታ ያን አልነካም ያለችውን ሻይ ቀድታ ጠጣች።

ሶዳውን ስባ ስትጨርስ ጎንበስ ብላ አሸተተች። የላዩ ሽታ ሄዷል። የሥሩ ግን አለ፤ ጭቃ ውስጥ የተረሳ ጆንያ የሚሸተውን ይሸታል። እንዲያውም የላዩ ሲጸዳ የሥሩ ጎልቶ ወጣ። ትናንትም ነበር፣ አምናም ነበር፣ አፍንጫዋ ያውቀዋል፤ እሷ ናት ከአፍንጫዋ ጋር ሳትነጋገር የኖረችው። የፍራሹን ጆሮ ይዛ ልታነሣው ሞከረች። ጉልበቷ ቋ ብሎ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ተነሥታ ወደ አጥሩ ሄደችና ጎረቤቷን ቲሬሳን ጠራች። ቲሬሳ ሳሞኣዊት ናት፤ ስድሳ ቢሞላትም ክንዷ የወንድ ነው፣ አፏ ደግሞ የሁለት ሴት።

«ፍራሽ ላንሣ ነው የምትዪኝ?» አለች ቲሬሳ አጥሩን ተደግፋ። «እናንተ ቶንጋዎች ከድምፃችሁ ሌላ የምታነሡት ነገር አለ እንዴ?»

«እጅሽን ነው የጠራሁት፣ ወሬሽን አይደለም።»

«እጄ ያለ ወሬው አይመጣም። አብረው ነው ያደጉት።»

መጣች። አንዷ በራስጌ ሌላዋ በግርጌ ሆነው ፍራሹን በጎኑ አቆሙት፣ ያኔ ቲሬሳ ወሬዋን ጨርሳ ዝም አለች። ዝም ስትል ታይታ አታውቅም። የፍራሹ ሆድ ጥቁር ነበር። ነጠብጣብ አይደለም፣ እንደ ድስት ቂጥ የጠቆረ። ከሱ ሥር፣ ርብራቡ መታየት ሲገባው፣ የተደራረበ ሰሌን አለ፣ ከሰሌኖቹም መሐል እየታጠፈ እየታጠፈ አልጋውን ሞልቶ የተኛ ታፓ። ሴቶች ከዛፍ ቅርፊት ቀጥቅጠው የሚያወጡት፣ ቡናማና ጥቁር የተሳለበት፣ ርዝመቱ ከዚህ በር እስከ መንገዱ የሚደርስ ጨርቅ። የቶንጋ ሴት ሀብቷን ፍራሽ ሥር ታኖራለች፤ ሳይጨማደድ ይቀመጣል፣ ሌባም አይነካውም፤ ይህ ነውር የለውም። ነገር ግን ቫቫኡ ላይ ቤቱ ከነፋስ የተሠራ ነው፣ ፀሐይ በወጣ ቁጥርም ሁሉም ሀብቱን ሣር ላይ ያሰጣል። እዚህ ማንጌሬ ላቪኒያ አንድ ቀን አስጥታው አታውቅም። የተሰጣ ታፓ ይታያል፣ የታየ ታፓ ይጠየቃል፤ ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለቀብር። ይህን ደግሞ ከእናቷ ጋር ሆና፣ ገና ጡቷ ሳያጎጠጉጥ፣ በእንጨት መዶሻ የቀጠቀጠችው ነው። የምታኖረው ለራሷ ሬሳ ነው። በሰው አገር ስትሞት እንደ ሰው ተጋድማ እንድትቀበር።

«ኧረ በማርያም» አለች ቲሬሳ በመጨረሻ። የላይኛውን እጥፋት በጣቷ ነካ አድርጋ ጣቷን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። አረንጓዴ ፀጉር አብቅሏል። «አንቺ ሴትዮ፣ ይኸ ሁሉ እያለሽ ለሞሴሴ ብርድ ልብስ አልነበር እንዴ ይዘሽ የሄድሽው?»

«አፍሽን ዝጊና በዚያ በኩል ያዢ።»

ሞሴሴ የባሏ ታናሽ ወንድም ነው፤ ባለፈው መስከረም ሞቷል። ከታላቅ ወንድም ቤት ታፓ ይጠበቃል፤ ሟች የሚጋደመው በሱ ላይ ነው። ላቪኒያ ያን ጊዜ «ያለኝን ሁሉ ለባሌ ቀብር ጨርሻለሁ፣ እጄ ባዶ ነው» ብላ፣ ከገበያ የተገዛ፣ ትልቅ የነብር ፊት የታተመበት ብርድ ልብስ ይዛ ሄደች። ሰዉ አየ፣ ዝም አለ። የሞሴሴ ሚስት ሜሊያሜም አየች፣ ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቤተ ክርስቲያን በአንድ አግዳሚ ተቀምጠው ይዘምራሉ፣ «ጤና ይስጥልኝ» ይባባላሉ፣ ሌላ ቃል አልተነጋገሩም።

ፍራሹን ማውጣት ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። በኮሪደሩ መታጠፊያ ላይ ተቀርቅሮ ቲሬሳ ከወዲያ፣ ላቪኒያ ከወዲህ ቀሩ። «ግፊ!» ትላለች አንዷ፤ «የት ልግፋው፣ ሳሞኣ?» ትላለች ሌላዋ። «እዚያማ ቢደርስ ንጹሕ ቤት ይገባ ነበር» አለች ቲሬሳ፣ ላቪኒያም ሳትፈልግ ሳቀች፣ ሲስቁ ጊዜ ፍራሹ ለቀቃቸው። ጓሮው አይሆንም፤ ጓሮው በክረምት የቤቱ ጥላ ነው፣ ያቺ ትንሿ የጠዋት ፀሐይም ከጎናቸው ባለሦስት ፎቁ ቤት ከተሠራ ወዲህ ቀርታለች። ፀሐይ ያለው ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ አጠገብ ያለው ሣር ላይ ነው። አውጥተው አጥሩ ላይ አስደገፉት።

«ጥቁሩን ወደ ቤቱ አዙሪው» አለች ላቪኒያ።

«ፀሐይ የሚያስፈልገው ጥቁሩ ነው እኮ።»

«ሰው የሚያየውም ጥቁሩን ነው።»

«ሰው ምን ያደርግልሻል፣ ያደርቅልሻል?»

ላቪኒያ ራሷ አዞረችው። ንጹሑ ወገን መንገዱን፣ ጥቁሩ ቤቱን አየ። ቲሬሳ ራሷን ነቅንቃ ኮምጣጤና ጨርቅ ልታመጣ ወደ ቤቷ ሄደች፣ ላቪኒያም ታፓውን መልሳ ልታጥፍ ወደ ክፍሏ ገባች። ሐሳቧ ይህ ነበር፤ ፍራሹ ይደርቃል፣ ታፓው በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ምራቷ ሳትመጣ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ነገ ነርሷ የሳሙና ሽታ አሽትታ ትሄዳለች። እጥፋቱን ስትገልጥ ግን ሻጋታው በሁሉም በኩል እኩል እንዳልሆነ አየች። እሷ በምትተኛበት በበሩ በኩል ግራጫ ጥላ ብቻ ነው። በግድግዳው በኩል፣ ራስጌው ጋ፣ ጥቁር ጉድፍ ሆኖ ወፍሯል፣ ጣት ሲነካው እንደ ጥላሸት ይነሣል። ያ የሉፔ ቦታ ነው። ከአልጋው እንዳትወድቅ ብላ በግድግዳው በኩል ያስተኛቻት ራሷ ናት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው የምትተኛው ልጅቷ፣ አፍንጫዋ የፍራሹን ጠርዝ ነክቶ። ላቪኒያ የጠቆረ ጣቷን አየችው። ማጠቢያ ማሽኑ ሥራውን ጨርሶ ሲጮህ እንኳ አልተነሣችም።

ከዚያ ወጥታ ወደ ፍራሹ ሄደችና ጥቁሩን ወደ ፀሐዩ፣ ወደ መንገዱ አዞረችው።

ቲሬሳ ኮምጣጤውን ይዛ ስትመለስ ታፓው በበሩ እየተጎተተ ሲወጣ አገኘችው። ኮምጣጤውን ደረጃው ላይ አስቀምጣ በሌላው ጫፍ ያዘች። ሁለቱ እየዘረጉ ሄዱ፤ ከደረጃው ጀምሮ ሣሩን አቋርጦ የፖስታ ሣጥኑ ጋ ደረሰ፣ አሁንም እጥፋት ቀረው። መሐሉ ዓይን ይሞላል፤ የወፎቹ መሥመር፣ የኮከቦቹ ረድፍ፣ የእናቷ እጅ ሲደክም ትንሽ የሚንጋደደው ቀለም። ጫፎቹ ግን ተበልተዋል። ታፓ ውሃ አይወድም፣ ውሃ ከነካው ይፈርሳል፤ ስለዚህ ለስላሳ ብሩሽ ይዘው በደረቁ ያራግፉት ጀመር፣ ቲሬሳ አፍንጫዋን በሻሽዋ አስራ። የፍራሹን ጥቁር ደግሞ በኮምጣጤ አበሱት። አውቶቡሱ ሲያልፍ ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ። ከማዶ አንዲት ሴት መጋረጃዋን ገለጠች። ላቪኒያ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ ወደ መንገዱ ጀርባዋን ሰጠች። ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ሜሊያሜ የልጅ ልጆቿን ልታመጣ በዚህ መንገድ እንደምታልፍ ታውቃለች። ያን ጊዜ ሁሉ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሜሊያሜን ስታልፍ ያየቻት እሷ አይደለችም እንዴ?

ሜሊያሜ መጣች። ዓመቱ ስላልሞላ ጥቁር ለብሳለች፣ ወገቧንም እንደ ቶንጋ ወግ በሐዘን ሰሌን ታጥቃለች። እርምጃዋ የአጥሩ በር ጋ ሲደርስ ቆመ። ላቪኒያ ሳትዞር አወቀች።

«እትዬ።»

«ሜሊያሜ።»

«ፀሐይ ወጣ ዛሬ።»

«ወጣ።»

ቲሬሳ ብሩሿን አቆመች። ሜሊያሜ ታፓውን ከደረጃው እስከ ፖስታ ሣጥኑ በዓይኗ ሄደችበት፣ ከፖስታ ሣጥኑም እስከ ደረጃው ተመለሰች። ጥቁሩንም ፍራሽ አየች። ከዚያ ጫማዋን አወለቀች፣ በሩን ከፍታ ገባች፣ ጠርዙ ላይ ተንበርክካ ከባልዲው አጠገብ የወደቀውን ትርፍ ብሩሽ አነሣችና ታራግፍ ጀመር። እጇ ሥራውን ያውቀዋል፤ ከመሐል ወደ ጫፍ፣ በቀስታ፣ ቀለሙን ሳትነካ። ትንሽ እንደሠራች፣ ቀና ሳትል፣ እንዲህ አለች፤

«ነብሩ ፊቱ ወደ ላይ ነበር። ሞሴሴ የተኛበት። የነብሩ ጆሮ በሞሴሴ ጆሮ በኩል ወጥቶ ነበር። ልጆቹ ሳቁ።»

ይቅርታ የምትባለው ቃል በላቪኒያ አፍ ውስጥ ቦታ ኖሯት አታውቅም፣ ዛሬም አልመጣችላትም። ሜሊያሜም የጠበቀች አትመስልም፤ ብሩሿን ቀጠለች። አውሮፕላን አለፈ። ጥላው ፍራሹን፣ ታፓውን፣ ሦስቱን ሴቶች ረግጦ ሄደ።

«ቲሬሳ፣ መቀስ አምጪ» አለች ላቪኒያ።

«ምን ልትቆርጪ?»

«ምላስሽን። አምጪ ስልሽ!»

መቀሱ መጣ። ታፓ መቁረጥ ነውር አይደለም፤ ስጦታ ሲሆን ይቆረጣል። ሌላ ሴት ብትሆን ከተበላው ጫፍ አጠገብ ጀምራ ለራሷ መሐሉን ታስቀር ነበር፤ ላቪኒያም ከአንድ ሰዓት በፊት እንደዚያው ታደርግ ነበር። በጉልበቷ እየዳኸች መሐሉ ጋ ደረሰች፤ ወፎቹና ኮከቦቹ ያሉበት፣ ሻጋታ ያልነካው። ከዚህ ወዲያ፣ ከዚህ ወዲህ ብላ ቆረጠችው፣ አጥፋ አጥፋ ሜሊያሜ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው።

«ጥቁር የምታወልቂበት ቀን ደርሷል። ለሱ ነው» አለች።

ሜሊያሜ ጨርቁን ወደ ፊቷ አስጠጋች። ላቪኒያ ዓይኗን ከእጇ ላይ አላነሣችም። ጠዋት ከግድግዳው ወዲያ የሰማችውን ቃል አሁን ፊት ለፊት ሰማችው።

«ይሸታል።»

«ይሸታል፤ አስጪው። ፀሐይ ያወጣለታል።»

«እሺ፣ እትዬ» አለች ሜሊያሜ። ጨርቁን በሁለት እጇ ታቅፋ ተነሣች፣ ጫማዋን አጠለቀች፣ ልጆቹ እየጠበቁ ነው ብላ ሄደች። መንገዱ መጨረሻ ላይ ስትደርስ ወደ ኋላ አላየችም፣ ጨርቁን ግን ከቦርሳዋ ውስጥ አልከተተችውም፤ ሰው ሁሉ እንዲያየው ክንዷ ላይ ዘርግታ ነው የያዘችው።

የተበላውን ጫፍ ቀደው ከሻገቱት ሰሌኖች ጋር ቀይ ክዳን ያለው የቆሻሻ ሣጥን ውስጥ ጨመሩት፤ ክዳኑ እምቢ አለ። የተረፈው አንዲት ትንሽ ቁራጭ ናት፤ ሕፃን ታለብስ እንደሆነ እንጂ አዋቂ አታስተኛም። ቲሬሳ ጠቀለለቻትና «ከቁም ሣጥኑ ላይ ታድር፣ ከፍራሽ ሥር እንዳላያት» አለች። ከዚያ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«እና አንቺ ስትሞቺ በምን ላይ ልትጋደሚ ነው?»

«ነብር አይደለም እንዴ በየሱቁ የሞላው» አለች ላቪኒያ።

የቲሬሳ ሳቅ ከማዶ መጋረጃዋን የገለጠችውን ሴት መስኮት አስከፈተ።

ፊፊታ ሉፔን ይዛ ስትመጣ ፀሐዩ ወደ ጣራው ጠርዝ ሄዷል፣ ቲሬሳም ወደ ቤቷ ገብታለች። መኪናዋን አቁማ ወረደችና ጥቁሩን ፍራሽ አየች። ኮምጣጤ ቢነካውም ጥቁሩ አለቀቀም፤ ፈዞ፣ ተዝረክርኮ፣ የባሰ ይታያል። አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው። ሉፔ ግን ዝም የምትል ልጅ አይደለችም። ቦርሳዋን ጥላ ሮጣ መጣችና ጣቷን ቀሰረች።

«አያቴ፣ ፍራሻችን ላይ ማነው የሣለበት?»

ፊፊታ «ሉፔ!» አለች።

«እኔ ነኝ» አለች ላቪኒያ።

ሉፔ አያቷን አየቻት፣ ፍራሹን አየችው፣ ሥዕሉ ጥሩ እንዳልሆነ ወሰነች መሰለኝ፤ ትንሽ ሳል ሳለችና ወደ ቤት ገባች። ሁለቱ ሴቶች ሣሩ ላይ ቀሩ። ላቪኒያ መዳፏን ፍራሹ ላይ ጫነች። የላዩ ደርቋል፣ ውስጡ ግን ቀዝቃዛ ነው፣ ሲጫኑት እርጥበት ወደ እጅ ይመጣል። ሌላም ቀን ቢሰጣ የሚደርቅ አይመስልም።

«ነገ ለነርሷ ጥቁሩን አሳዪያት» አለች። «አትሸፍኚው። ይጣል ካለች ይጣል። ብትጠይቅ ደግሞ ተጠያቂዋ አንቺ አይደለሽም፣ እኔ እዚሁ እሆናለሁ።»

«እማማ፣ እኔ ጠዋት...»

«የሰማሁትን ሰምቻለሁ። ልጅቷ ዛሬ ከእናንተ ጋር ትደር። በግድግዳው በኩል አታስተኟት።»

«እሺ እማማ።» ፊፊታ አንድ እርምጃ ቀረበቻት። ዶሮ ዶሮ ትላለች፣ ላቪኒያ አፍንጫዋን አላሸሸችም። «ሻይ ላፍላልዎት?»

«አፍዪ። የጠዋቱ ቀዝቅዞ ነበር።»

ሴሚሲ ከሚሠራበት መጋዘን ሲመለስ ፍራሹን ብቻውን ተሸክሞ አስገባ፣ ሳሎን ማሞቂያው ፊት አቆመው። የእናቱን ክፍል በር ከፍቶ ባዶውን ርብራብ፣ ነፋስ የሚያልፍበትን ክፍተት አየና በሩን መልሶ ገርበብ አደረገው። ከማታው ጸሎት በኋላ ሉፔን ወሰዷት። ላቪኒያ ሳሎኑ ወለል ላይ፣ ከተረፉት ሁለት ሰሌኖች ላይ ተጋደመች። ጀርባዋ ወለሉን ያውቀዋል፤ ልጅ ሆና እንዲሁ ነበር የምትተኛው። ከጎኗ ያለው ቦታ ሰፊ ነው። እጇን እዚያ ላይ ዘርግታ አነሣችው።

ከግድግዳው ወዲያ፣ «አያቴስ?» አለች ሉፔ።

«ሳሎን ናት።»

«ብቻዋን?»

«ተኚ አሁን።»

አልጋው ተንቋቋ። ልጅቷ አንዴ ሳለች። ላቪኒያ ሁለተኛውን ጠበቀች፤ ከሁለተኛው በኋላ ሁልጊዜ ያ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ማለት ይጀምራል። ማሞቂያው ጠቅ አለ። ሴሚሲ አንድ ጊዜ ተገላበጠ። ላቪኒያ የራሷን ትንፋሽ ይዛ ጆሮዋን ወደ ግድግዳው አስጠጋች። ግድግዳው ካርቶን ነው፤ የሚያልፍ ነገር ቢኖር ያልፍ ነበር። ሁለተኛው ሳል አላለፈም።